የሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራዲዮ

ወለተሐና ሦስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ካርቶን ጋር ተቀያይማ ኖራለች። ሰው ከጎረቤቱ ይቀያየማል፣ ከእህቱ ይቀያየማል፤ እሷ ግን ከካርቶን ጋር ነበር። ካርቶኑ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ባለው መደርደሪያ አናት ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ውስጡ ያለው ራዲዮ ነው። ልጆች እንግሊዝኛ እንዲማሩበት ተብሎ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ተጭኖ የመጣ ራዲዮ። በመጣ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ልጆቹን አሰልፈው አስጨብጭበዋል። የስምንተኛ ክፍል በር ላይም አዲስ የትምህርት ፕሮግራም ተለጠፈ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ "እንግሊዝኛ በራዲዮ"። ከዚያ በኋላ ራዲዮው ከካርቶኑ አልወጣም፣ ክፍለ ጊዜውም ከወረቀቱ ላይ አልተፋቀም። ልጅ ሥራ ከፈታ ይረብሻል ተባለና፣ ሦስተኛው ደወል ሲደወል የስምንተኛ ክፍል ልጆች ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ወለተሐና ይላካሉ። እሷ መጥረጊያ ታድላለች። ግቢው ይጠረጋል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይለቀማል፣ ድንጋይ ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ይጋዛል። አርባ ደቂቃ። በዚያ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ በራዲዮ ማለት ይኼ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያቃጠላት መጥረጊያውን የምታድለው እጅ የራሷ መሆኑ ነው። ከሚጠርጉት መካከል አንድ ልጇ ብርሃነሽ አለች፤ አባቷ ሲሞት ከአንኮበር በጀርባዋ አዝላ ደብረ ብርሃን ያመጣቻት። ብርሃነሽ እስከ ስድስተኛ ክፍል ከሦስተኛ ዝቅ ብላ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ከሰባተኛ ጀምሮ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ሆነና ደራሽ ውኃ እንደያዘው ሰው ትንፋሽ አጠራት። አምና የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወደቀች። ስሟ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ በታጣ ዕለት ወለተሐና፣ ጎረቤት ቆሞ እየሰማ፣ "በቃ፣ የኔን መጥረጊያ ነው የምትወርሺው!" አለቻት። ወዲያው ምላሷን ብትቆርጠው በወደደች፤ ግን አንዴ ወጥቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርሃነሽ ለእናቷ የምትመልሰው "እሺ" እና "አይ" ብቻ ሆነ። ዘንድሮ እየደገመች ነው። ሁለተኛ ከወደቀች ትምህርት ቤቱ አይቀበላትም። አረርቲ ያለው የወለተሐና ወንድም ይርጋለም ደግሞ በገና ሰሞን መጥቶ ነገሩን ቁርጥ አድርጎት ሄዷል። "ካለፈች ትማር፣ አልቃወምም። ከወደቀች ግን አንድ የምንጃር ጤፍ ነጋዴ ጠይቆኛል። ሚስቱ የሞተችበት፣ ጨዋ ሰው ነው። ሐምሌ ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ።" ጨዋ የተባለው ሰው ወለተሐናን በሁለት ዓመት ይበልጣታል።

በ1974 ዓ.ም. በመጋቢት ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ እናትና ልጅ የቀበሌ ቤታቸው ውስጥ ቁርስ እየበሉ ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፏል፣ አልጋውን ከምድጃው የሚለየው የማዳበሪያ ጆንያ መጋረጃ ነው። ውጭው በውርጭ ነጥቷል። ስኳር የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ከጠፋ ሁለተኛ ሳምንቱ ስለሆነ ሻዩን በጨው ጠጡት። ሳሙናም ጠፍቷል፤ ቢገኝም ጥቁር ገበያ ሁለት እጥፍ ገብቷል። ወለተሐና ስለ ሳሙናው አወራች፣ ስለ ብርዱ አወራች፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡሩንባ ዛሬ ቀድሞ ጮኸ ብላ አወራች። ልጅቷ ቂጣዋን ሁለት ቦታ ቆርሳ የሚበልጠውን በእናቷ በኩል ገፋችው።

"ጠግቤያለሁ፣ ብይ" አለች ወለተሐና።

"እሺ።"

"ጫማሽ አልጠበበሽም?"

"አይ።"

የዚያ ቤት ጨዋታ ከዚህ አያልፍም ነበር። ብርሃነሽ ደብተሮቿን በላስቲክ አስራ ቀድማ ወጣች። ወለተሐናም ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላዋ ተከተለች፤ አብረው መሄድ ትተዋል፣ ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀው ነው የሚሄዱት።

ትምህርት ቤት ስትደርስ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ገብረ ሕይወት ከበሩ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ኮታቸው ተተኩሷል። "ወለቴ፣ ዛሬ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ግምጃ ቤቱን እንደ መስተዋት አድርጊልኝ" አሉ። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጠመኔ ሲሰጡ እንኳ ከነስባሪው የሚመዘግቡ ሰው ናቸው። ወለተሐና መደርደሪያውን ወለወለች፣ ጨርቁን ገፍፋ አራገፈች፣ ካርቶኑን ዞራ ዞራ አቧራውን ጠረገች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደጠረገችው እግዜር ነው የሚያውቀው። ሕፃን ልጅ ይኼን ያህል ቢታሻሽ እስካሁን ተነስቶ ይሄድ ነበር።

ተቆጣጣሪው ልክ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደረሰ። ስሙ ጓድ ተክለጊዮርጊስ ነው፤ ወጣት ነው፣ ካኪ ለብሷል፣ የደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ተሰክቷል። ርዕሰ መምህሩ ከፊት፣ ጋሽ ገብረ ሕይወት ከኋላ ሆነው አስገቡት። ወለተሐና መወልወያ ጨርቋን እንደያዘች ጥግ ላይ ቆመች። ሰውየው ወንበሮቹን ቆጠረ፣ መዶሻና መጋዙን አየ፣ ከዚያ ነጩን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ካርቶኑን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ፕላስተሩ እንኳ አልተነሳም!" አለ። "ጓዶች፣ ሌላ ቦታ ሄጄ ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ? አንዱ አንቴናው ተቀንጥሷል፣ አንዱ መዘውሩ ወልቋል፣ አንዱን ልጆች ሲነካኩት ድምፁ ጠፍቷል። ይኼ ግን እንደመጣ ነው። የሕዝብ ንብረት እንዲህ ነው የሚያዘው። ለጽሕፈት ቤቱ አሳውቄ የምስጋና ወረቀት አሰጣችኋለሁ።"

ጋሽ ገብረ ሕይወት አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ። ከውጭ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል፤ ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ወለተሐና በመስኮቱ አሻግራ አየች። ብርሃነሽ ጎንበስ ብላ የባንዲራውን መስቀያ ዙሪያ ትጠርጋለች፤ ቀሚሷ አጥሯል፣ ባቷ በብርድ ሰማያዊ ሆኗል። ወለተሐና እንደምትናገር ሳታውቀው አፏ ተከፈተ።

"ጓድ፣ አንድ ነገር ብጠይቅ ነውር ነው?"

ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። ተቆጣጣሪው ግን፣ "ምን ነውር አለው? ይጠይቁ እንጂ እናታችን" አለ።

"ይኼ ዕቃ የመጣው ለምንድን ነው?"

"ልጆች እንግሊዝኛ እንዲማሩበት ነዋ።"

"በስንት ሰዓት?"

ሰውየው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ለስምንተኛ ክፍል... አሁን ነው። ከሰዓት በኋላም በስምንት ሰዓት ተኩል ይደገማል" አሉ።

"አሁን ከሆነማ" አለች ወለተሐና በጨርቋ ወደ መስኮቱ እየጠቆመች፣ "ስምንተኛ ክፍሎች እነዚያውልዎት።"

ሁሉም ወደ መስኮቱ አዩ። ሽው፣ ሽው። ተቆጣጣሪው ሳቅ አለ፣ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረበት። "እናታችን የነቁ ናቸው" አለ፤ ከዚያ ሰዓቱን አየና፣ "እኔ መቼም አታውጡ አላልኩም። ኃላፊነት የሚወስድ ቋሚ ሠራተኛ ፈርሞ ካወጣው ማን ከልካይ አለበት?" ብሎ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። የሚጎበኘው ሌላ ትምህርት ቤት ነበረውና ላንድሮቨሩ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ርዕሰ መምህሩም፣ "አንቺ ሴትዮ አንድ ቀን ታስጨርሺናለሽ" ብለዋት ስብሰባ አለብኝ እያሉ ወደ ቀበሌው ወረዱ። የምስጋናው ወረቀት ነገር ግን እንዳስደሰታቸው ከአካሄዳቸው ይታወቅ ነበር።

ወለተሐና ቀጥታ የሄደችው ወደ እንግሊዝኛው አስተማሪ ወደ ታመነ ነው። ታመነ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ እንደጨረሰ የአንድ ክረምት ሥልጠና ሰጥተው የላኩት፣ ከሚገባው በላይ ትልቅ ኮት የሚለብስ ልጅ። በባዶው ክፍል ጠረጴዛ ላይ ደብተር ሲያርም አገኘችው።

"መምህር፣ ፈርመህ አውጣው። ተቆጣጣሪው ተፈቅዷል ብሏል።"

"አይ እትዬ፣ እኔን ይተዉኝ።"

"ለምን?"

"አምና ካርታ ፈርሜ አውጥቼ ልጆች ቀደዱት፤ ከደመወዜ ተቆረጠ።"

"ይኼ ካርታ አይደለም።"

ታመነ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ካርታው ሰበብ ነው። እኔ እንግሊዝኛውን በመጽሐፍ ነው የማውቀው፤ ከአፉ የሰማሁት ፈረንጅ የለም። ልጆቹ እዚያ ውስጥ ያለውን ሰው ከሰሙ ዞረው እኔን ያዩኛል። ከዚያ በኋላ በምን ፊቴ እቆማለሁ?" አለ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር። ወለተሐና ልትቆጣው የመጣችውን ቁጣ ዋጠች። "እኔን መሠረተ ትምህርት ያስተማረችኝ ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር" አለችው። "ያላወቀችውን ስጠይቃት 'ይኼን እኔም አላውቀውም እማማ፣ ነገ ጠይቄ እመጣለሁ' ትለኝ ነበር። ጠይቃም ትመጣ ነበር። ለዚህ ብዬ አንድ ቀን አልናቅኋትም። አንተም ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለህ ስማ፤ ማን ይበላሃል?" ታመነ ደብተሩን ገለጠ፣ መልሶ ዘጋው። ስትወጣ ግን፣ "መምሪያው መጽሐፍ ካርቶኑ ውስጥ ነው" አላት፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

የቀሩት ጋሽ ገብረ ሕይወት ናቸው። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ቆሎ ያላምጣሉ። ወለተሐና መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ "ቅጹን ያምጡ፣ እኔ እፈርማለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ራዲዮውን።"

ሳቁ። "አንቺ? ጽዳት ራዲዮ ታወጣለች?"

"ባልዲውን ፈርሜ አይደል ያወጣሁት? አካፋውንስ? ሰውየው ቋሚ ሠራተኛ ነው ያለው፤ እኔ ቋሚ ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ። ወረቀቱ ጽዳትና አስተማሪ አይለይም።"

ጋሽ ገብረ ሕይወት ሳቃቸውን ተዉ። ቆሎውን ከእፍኛቸው ወደ ኪሳቸው መለሱ። "ስሚኝ ወለቴ" አሉ። "እዚህ ሳልመጣ ሌላ ወረዳ ነበርኩ። በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። አንድ አስተማሪ የወረቀት ማባዣ መሣሪያ ፈለገ። ልጅ ነው፣ ወንድሜ ነው የሚመስለኝ፤ ሳላስፈርም በቃል ሰጠሁት። እሱም ጠፋ፣ መሣሪያውም ጠፋ። በዚያን ጊዜ ማባዣ ጠፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። 'ወረቀት ሊበትኑበት ነው፣ አንተም አለህበት' ብለው ሰባት ወር አስቀመጡኝ። ስወጣ ሚስቴ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ ነው ያገኘኋት። ራዲዮ ደግሞ ሌላም ጣቢያ፣ የተከለከለውንም፣ ይይዛል፤ ያ አንድ ነገር ነው። አንቺን አስፈርሜ፣ ነገ አንዱ ሰርቆት፣ አንቺ ታስረሽ ልጅሽ ብቻዋን ስትቀር ልይ? ይኼን አልችልም።"

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ወለተሐና እስከዚያ ቀን ድረስ ሰውየው የሚበረግጉት ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም ነበር። ሦስት ዓመት በልቧ ስትረግማቸው ኖራለች። አሁን አዘነችላቸው። ቢሆንም አልተነሳችም። "ልጄ ብቻዋን የምትቀረውስ ሐምሌ ላይ ነው፣ ጋሼ" አለች። ስለ ወንድሟና ስለ ምንጃሩ ነጋዴ አጫወተቻቸው። ጋሽ ገብረ ሕይወት ነጋዴው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቁ። ነገረቻቸው። ከዚያ እያቃሰቱ ተነሱ። "በቃል አልሰጥም። አንቺንም አላስፈርምም። ዛሬን ብቻ ራሴ ይዤው እገባለሁ፣ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ ሲያልቅ ራሴ ይዤው እወጣለሁ።"

ፕላስተሩን በቢላ ሲከፍቱት ያልዳነ ቁስል እንደሚነካ ሰው ነበሩ። ራዲዮው ከላስቲኩ ሲወጣ አዲስ ነው፣ ያብለጨልጫል፤ አራቱ የባትሪ ድንጋዮች ግን በሦስት ዓመቱ ሁለቱ ነጭ ዱቄት አብቅለዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠርገው የኖረችው ካርቶን ውስጡ ሲበላሽ አልታያትም። ሁለቱ ደህና የሚመስሉትን ወሰደችና የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ ነፋስ በማያገኝበት በኩል፣ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው፤ የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ እንደሚዘራ ራዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለቀሩት ሁለቱ ወደ ገበያ ወረደች። የቀበሌው ሱቅ "የለም" አላት። የአሊዩ አምባዋ ኩብራ ግን ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል እዚህ ሱቅ ከከፈተች፤ በርበሬም፣ ሻማም፣ መርፌም ከእሷ አይጠፋም።

"ድንጋይ? ወላሂ ወለቴ፣ ድንጋይ ዘንድሮ ወርቅ ሆኗል" አለች ኩብራ። "ሰባ አምስት ሳንቲም የነበረው አንድ ብር ከሃምሳ ገብቷል። ራዲዮ ገዛሽ እንዴ? ሰው ሳይሰማ ሀብታም ሆንሽ!"

"የመንግሥት ነው።"

"መንግሥት ድንጋይ አጥቶ አንቺን ላከሽ?" ኩብራ ሳቀች፣ ከዚያ የወለተሐናን ፊት አየችና ሳቋን ሰበሰበች። ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ድንጋይ አወጣች፤ በምላሷ ጫፍ ነካ አድርጋ ሞከረቻቸው። "ያለኝ እነዚህ ናቸው፣ ለባሌ ራዲዮ የደበቅኳቸው። ለአንቺ በድሮው ዋጋ። እሱ ዛሬ ዜና ቢቀርበት አይሞትም፤ እንዲያውም ከእኔ ጋር ያወራል፣ ኢንሻአላህ።"

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሃምሳ ሁለቱም በየወንበሩ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበው ተቀምጠዋል። ጋሽ ገብረ ሕይወት ራዲዮውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ገቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸውም ወንበር ስበው ጎኑ ተቀመጡ፤ አንድ እጃቸውን እጀታው ላይ አሳርፈዋል። ልጆቹ ይሳሳቃሉ። ታመነ መምሪያውን ይዞ ቆሞ አንድ ጊዜ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ግራ ያያል። ድንጋዮቹ ገቡ፤ ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ ፀሐይ የሞቁ። ታመነ መዘውሩን ሲያዞር ጩኸት መጣ፣ ፉጨት መጣ፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ወለተሐና ባልዲዋን ይዛ ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ ብርሃነሽን ከጎን ታያታለች።

ሰውየው ይናገራል፣ ይናገራል። ሴት ትመልስለታለች። ሰውየው አንድ ነገር ይልና ጸጥ ይላል፤ ልክ አምስት እስክትቆጥር ድረስ። ከዚያ ሌላ ይልና ደግሞ ጸጥ። ልጆቹ በዚያ ጸጥታ ውስጥ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ፣ "ተበላሸ!" አለ። ጋሽ ገብረ ሕይወት ደንግጠው ራዲዮውን መታ መታ አደረጉት። ብርሃነሽ ከንፈሯን ነክሳ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች፤ ዓይኗ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ታመነ መምሪያውን ቢገልጥ የቱ ገጽ ላይ እንዳሉ ጠፍቶታል። ወለተሐና ከውጭ ሆና ያ ጸጥታ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሲመጣ ሰማችው። እንግሊዝኛውን ከነዘሩ አታውቀውም፤ ይኼን አኳኋን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ቅዳሴ ላይ ካህኑ ይልና ያቆማል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ ነው የሚቀበለው። ሕዝቡ ካልተቀበለ ቅዳሴው ይቆማል።

"ተቀበሉት እንጂ!" አለች አንገቷን አስግጋ። "እናንተን እኮ ነው የሚጠብቀው! እሱ ያለውን ነው በሉት የሚላችሁ!"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ታመነ ግን አልሳቀም። መምሪያውን አስቀመጠና መጥቶ የፊት ወንበር ጫፍ ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ፤ ትልቁ ኮቱ ትከሻው ላይ ተነስቶ አንገቱን ዋጠው። ሰውየው ተናግሮ ጸጥ ሲል፣ ታመነ ብቻውን፣ በቀጭን ድምፅ፣ ተቀበለው። ሌላ ሳቅ። ሁለተኛ ጸጥታ፤ ታመነ አሁንም ብቻውን። በሦስተኛው አንድ ሌላ ድምፅ ታከለ፣ ዝቅ ያለና የሻከረ፤ ወለተሐና ከአምና ወዲህ ከ"እሺ" እና ከ"አይ" ሌላ ያልሰማችው ድምፅ ነው። ቀጥሎ ከኋላ ሁለት ልጆች፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ረድፍ። መቀባበሉ እንዲህ እየገፋ ሄደ። የራዲዮው ድምፅ እየሰለለ፣ እየራቀ መጣ፤ ፀሐይ የሞቁት ድንጋዮች ነፍሳቸው አልቋል። በመጨረሻ ሰውየው ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር መሰለ፣ ከዚያ ምንም። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ደወል ሲደወል ልጆቹ እየተጋፉ ወጡ። ብርሃነሽ መጨረሻ ላይ ወጣችና እናቷ አጠገብ ቆመች። መሬት መሬት ታያለች። ወለተሐና ባልዲውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ምንም አልገባኝም እማዬ" አለች ብርሃነሽ። ድምፅዋ ተሰበረ። "ሰውየው በጣም ይፈጥናል። አንዱን ሳልይዘው ሌላው ይመጣል። እስከ ሰኔ ድረስ ሦስት ወር ነው የቀረው፤ ለካ እኔ ምንም አላውቅም።"

"ምንም?"

"አራት ቃል። አራት ቃል ነው የያዝኩት።"

"ትናንት ስንት ነበር?"

ልጅቷ ቀና አለች። እናቷን አየቻት። "ትናንት ስጠርግ ነበር" አለች፤ የአፏ ጥግ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ተነቃነቀ።

"ትናንት ማክሰኞ ነው፤ የጠረግሽው ሰኞና ዛሬ ጠዋት ነው። መጥረጊያውንም የሰጠሁሽ እኔ ነኝ" አለች ወለተሐና። ሌላም ልትል ፈልጋ ነበር፤ ስለ አምናው ቃል። ብርሃነሽ ግን ባልዲውን ከእጇ ተቀበለቻት፣ "ይከብዳል፣ አምጪው" አለችና ቀድማ ወረደች።

ወለተሐና ግምጃ ቤት ስትገባ ጋሽ ገብረ ሕይወት ራዲዮውን በላስቲኩ እየጠቀለሉት ነበር። ካርቶኑ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። "አየሽ ወለቴ" አሉ በርኅራኄ፣ "ሞከርን። ልጆቹ የሚይዙት ነገር አይደለም። ይግባ፤ ለእኔም ለአንቺም ሰላም ነው።"

"ዕቃ ማውጫውን ቅጽ ያምጡ።"

"ነገርኩሽ እኮ!"

"ነግረውኛል፣ ሰምቻለሁ። ሰባት ወሩንም ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው ወረቀት የምልዎት። ያን ጊዜ በቃል ሰጡ፣ ተበሉ። አሁን በፊርማ ይስጡኝ፤ ቢጠፋ ጠያቂውም ተጠያቂውም እኔ ነኝ። የእርስዎ እጅ ንጹሕ ነው።"

"ብትታሰሪስ?"

"የስምንተኛ ክፍል ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ጠዋት እኔ ከፍቼ፣ ማታ እኔ ቆልፌ ነው የምሄደው። ልጅ ያሳደግሁ ሴት አንድ ሳንዱቅ መጠበቅ ያቅተኛል?"

ጋሽ ገብረ ሕይወት ቆመው አዩዋት። ከዚያ መሳቢያውን ስበው ጥራዙን አወጡ፣ በመካከሉ ካርቦን አስገቡ። የዕቃውን ዓይነት ጻፉ፣ ብዛቱን አንድ ብለው ጻፉ፣ መምሪያ መጽሐፉንም ከሥሩ ጻፉ። እስክሪብቶውን ሰጧት። ወለተሐና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። ካርቦኑ ሥር እንዲወጣ ጠበቅ አድርጋ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፤ ፈረመች። ጋሽ ገብረ ሕይወት ጥራዙን ሊወስዱ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አልለቀቀችውም። ከፊርማዋ በታች ዕቃው ሲመለስ እሳቸው የሚሞሉት ባዶ መስመር አለ፤ "የመመለሻ ቀን" ይላል። እዚያ ላይ፣ በራሷ እጅ፣ "ሰኔ 30" ብላ ጻፈችበት።